ሰንበሩን ሳይሰበር መያዝ፦ በፍጥነት በተጨመቀ ብረት ውስጥ የሺር ሰንበር የማውጣት ዝርዝር መመሪያ

ብረት በከፍተኛ ፍጥነት ሲጨመቅ መላ አካሉ እኩል አይጨፈለቅም። የሆነ ጊዜ ላይ በጣም ቀጭን መስመር ይወጣና የቅርጽ ለውጡን ሁሉ ለብቻው ይወስደዋል። የቀረው አካል አርፎ ይቀመጣል። በሙያው ሺር ባንድ ይሉታል፤ ሺር ማለት አንዱ ክፍል በሌላው ላይ መንሸራተቱ ነው። እኔ ሰንበር እለዋለሁ፤ ጅራፍ ቆዳ ላይ የሚተወውን ይመስላልና።

ይህን ሰንበር ለማየት የሚሞክሩ ሰዎች በሁለት መንገድ ይሸነፋሉ። አንዱ ናሙናውን ጨምቆ፣ ቆርጦ፣ አወልውሎ ምንም አያይም። ሌላው ናሙናውን ለሁለት ተሰብሮ ከወለል ላይ ይለቅመዋል። ሰንበሩ ያለው በሁለቱ መካከል ነው፤ ዕድሜውም በሚሊዮንኛ ሰከንድ ይቆጠራል። ስለዚህ ዋናው ሥራ መምታቱ አይደለም፣ በሰዓቱ ማቆሙ ነው። እኔ ራሴ ይህ እስኪገባኝ ድረስ አንድ ሳጥን ሙሉ ስባሪ አጠራቅሜአለሁ።

መመሪያው ሆፕኪንሰን ባር፣ ማለትም ናሙናን በዘንጎች መካከል አድርጎ በፍጥነት የሚጨምቅ መሣሪያ፣ ማግኘት ለሚችል ሰው ነው። ለማይችል ደግሞ መጨረሻ ላይ አቋራጭ አለ።

ከመጀመራችሁ በፊት ይህ ይግባችሁ

ብረት ሲጨመቅ ሁለት ነገር አብሮ ይሄዳል። በአንድ በኩል እየተጨመቀ በሄደ ቁጥር ይጠነክራል። በሌላ በኩል የተጨመቀበት ጉልበት አብዛኛው ወደ ሙቀት ይለወጣል፤ ለስሌት 90 በመቶ ያህሉን መውሰድ የተለመደ ነው። ሙቀት ደግሞ ብረትን ያላላል።

ቀስ ብላችሁ ከጨመቃችሁ ሙቀቱ ለመሸሽ ጊዜ ያገኛል፤ ማጠንከሩ ያሸንፋል። በፍጥነት ከጨመቃችሁ ሙቀቱ በተፈጠረበት ቦታ ይታፈናል። አዲያባቲክ የሚሉት ይህንን ነው። መላላቱ ማጠንከሩን የበለጠ ዕለት፣ ከሌላው ትንሽ የሞቀ ወይም ትንሽ የደከመ ቦታ ይበልጥ ይንሸራተታል። የበለጠ ስለተንሸራተተ ይበልጥ ይሞቃል። ይበልጥ ስለሞቀ ይበልጥ ይላላል። አንዴ ከተጀመረ መመለሻ የለውም።

ደረጃ 1፦ ቁሱን ምረጡ

ለጀማሪ የምመክረው ቲ-6-4 የሚባለውን ቲታኒየም ነው፤ 6 በመቶ አሉሚኒየምና 4 በመቶ ቫናዲየም ያለበትን ቅይጥ። ሙቀት በደንብ ስለማያስተላልፍ ሰንበር ይወድዳል። ሁለተኛ ምርጫ 4340 የተባለው ስቲል ነው፤ ግሎ በዘይት ከቀዘቀዘ በኋላ በዝቅተኛ ሙቀት መልሶ የተሞቀ (ቴምፐር የተደረገ)።

በንጹሕ መዳብ አትጀምሩ። ሙቀቱን ቶሎ ይበትናል፣ ሲጨመቅም እየጠነከረ ይሄዳል። መዳብ ላይ ወራት ያቃጠለ ሰው አውቃለሁ። ጥፋቱ የእጁ አልነበረም፣ የቁሱ ነበር።

ደረጃ 2፦ ሒሳቡን ወረቀት ላይ ሥሩ

ይህን ደረጃ ሁሉም ይዘልለዋል። አትዝለሉት።

መጀመሪያ ሙቀቱ ምን ያህል እንደሚጓዝ አስሉ። ቀመሩ ቀላል ነው፦ የቁሱን የሙቀት ስርጭት መጠን በጊዜው አባዙ፣ በ4 አባዙ፣ ካሬ ሥሩን ውሰዱ። ቲ-6-4 በሰከንድ ወደ 2.7 ካሬ ሚሊሜትር አለው። ሙከራው 100 ማይክሮሰከንድ (ሚሊዮንኛ ሰከንድ) ከፈጀ ሙቀቱ የሚጓዘው 33 ማይክሮን (ሺህኛ ሚሊሜትር) ገደማ ነው፤ ከፀጉር ውፍረት ያንሳል። ያንኑ ጭመቃ በ200 ሰከንድ ብትሠሩት ግን ሙቀቱ ከ40 ሚሊሜትር በላይ ይሄዳል፤ 5 ሚሊሜትር የሆነ ናሙና ውስጥ የሚቀር ነገር የለም። መዳብ በዚያው 100 ማይክሮሰከንድ ውስጥ 210 ማይክሮን ያህል ያስጉዛል። ልዩነቱ ይኸው ነው።

ቀጥሎ የሙቀት ጭማሪውን አስሉ። የቲታኒየሙ ስትሬስ (በስፋቱ ላይ የሚያርፈው ግፊት) 1300 ሜጋፓስካል፣ ስትሬኑ 0.2 ይሁን። ስትሬን 0.2 ማለት 5 ሚሊሜትር የነበረው ቁመት በ1 ሚሊሜትር አጠረ ማለት ነው። 1300 ሲባዛ በ0.2፣ ሲባዛ በ0.9፣ 234 ይሆናል። ይህንን በ2.48 አካፍሉት፤ 4430 የሆነው ጥግግት በ560 የሙቀት አቅም ተባዝቶ በሜጋጁል ሲጻፍ የሚሰጠው ቁጥር ነው። ውጤቱ 94 ዲግሪ ሴልሺየስ ገደማ ነው።

እዚህ ላይ ቆም በሉ። ብዙዎች ሰንበሩ የሚወጣው ብረቱ ቀልጦ ወይም ሊቀልጥ ደርሶ ይመስላቸዋል። አይደለም። ሰንበሩ ከመውጣቱ በፊት ናሙናው የጨመረው 100 ዲግሪ እንኳ ላይሞላ ይችላል። በመቶዎች የሚቆጠረው ዲግሪ የሚመጣው በኋላ፣ ሰንበሩ ውስጥ ብቻ ነው። እንዲያውም በቲታኒየም ቅይጦች መላላቱን የሚጀምረው ሙቀቱ ሳይሆን በጭመቃው የሚወለዱት ጥቃቅን አዳዲስ ቅንጣቶች ናቸው የሚሉ ተመራማሪዎች አሉ። ክርክሩ አልተቋጨም፤ ሥራችሁን ግን አይቀይርም።

ደረጃ 3፦ ናሙናውን አዘጋጁ

ዲያሜትሩ 5፣ ቁመቱ 5 ሚሊሜትር የሆነ ሲሊንደር በቶርኖ አስወጡ። ቢያንስ 8 ይሁኑ፤ አንዱ ሳይጨመቅ ለማነጻጸሪያ ይቀመጣል።

ሁለቱ ጫፎች ትይዩ መሆን አለባቸው። ቁመቱን በአራት ቦታ ለኩ። ልዩነቱ ከ0.01 ሚሊሜትር ከበለጠ መልሳችሁ አስተካክሉ። ጫፉ ያዘነበለ ናሙና በአንድ ጥግ ቀድሞ ይመታል፤ ሰንበሩም ከዚያ ጥግ ይነሣል። ያኔ ያያችሁት የቁሱን ጠባይ ሳይሆን የቶርኖውን ስሕተት ነው።

ጫፎቹን በደቃቅ ብርጭቆ ወረቀት አለስልሱ። ከዚያ ሞሊብደነም ዳይሰልፋይድ ያለበት ግሪስ ስስ አድርጋችሁ ቀቡ። ስስ ስል የምሬን ነው። ግሪሱ ከወፈረ እሱ ራሱ ሲጨመቅ ይመዘገባል። ከቀረ ደግሞ ናሙናው በፍትጊያ ተይዞ እንደ በርሜል መሐሉ ያብጣል።

ባርኔጣ የሚመስል ናሙና የሚጠቀሙም አሉ። ላይኛው ክፍል ታችኛው ቀዳዳ ውስጥ እየተገፋ ሲገባ ሽርተቱ የግድ በመካከላቸው ይሆናል። ሰንበሩ የት እንደሚወጣ ቀድማችሁ ስለምታውቁ ለጠንካራ ስቲል በጣም ይመቻል። አንድ ነገር ብቻ አትርሱ፦ እዚያ ሰንበሩን ያስገደደው ቅርጹ ነው። በባርኔጣ ናሙና ሰንበር አገኘሁ ብላችሁ ቁሱ በራሱ ሰንበር ያወጣል ማለት አትችሉም።

ደረጃ 4፦ ማቆሚያ ቀለበቶችን አስወጡ

የመመሪያው ልብ ይህ ነው። ሌላውን ሁሉ አሳምራችሁ ይህን ከተዋችሁ ስባሪ ነው የምትለቅሙት።

ማቆሚያ ቀለበት ናሙናውን ዙሪያውን የሚከብ፣ በቁመት ግን ከናሙናው የሚያጥር የጠነከረ ስቲል ነው። ዘንጎቹ ናሙናውን እየጨመቁ መጥተው ቀለበቱን ሲነኩ ጭነቱን ቀለበቱ ይቀበላል። ናሙናው እዚያው ይቆማል።

ለ5 ሚሊሜትር ናሙና አራት ቀለበት አስወጡ፦ ቁመታቸው 4.5፣ 4.25፣ 4.0 እና 3.75 ሚሊሜትር። በቅደም ተከተል በ0.10፣ 0.15፣ 0.20 እና 0.25 ስትሬን ያቆማሉ። ውስጣዊ ዲያሜትራቸው 7 ሚሊሜትር ይሁን፤ ናሙናው ሲያጥር ስለሚሰፋ እስከ 5.8 ሚሊሜትር ገደማ ይደርሳልና ቦታ ያስፈልገዋል። ውጫዊው 15 ሚሊሜትር ከሆነ 20 ሚሊሜትር ለሆነ ዘንግ ይበቃል።

ቀለበቱ ከጠነከረ ስቲል መሆኑን አረጋግጡ። እኔ አንድ ጊዜ ያልጠነከረ ቀለበት ተሰጥቶኝ ሳላጣራ ተጠቀምኩበት። ናሙናውም ቀለበቱም አብረው ተጨፈለቁ። ከእያንዳንዱ ምት በኋላ የቀለበቱን ቁመት ለኩ፤ ከቀነሰ ጣሉት።

ደረጃ 5፦ ዘንጎቹን አሰልፉና ባዶ ምት ሞክሩ

ሆፕኪንሰን ባር ሦስት ዘንጎች አሉት፦ መቺ፣ ገቢና ወጪ። ናሙናው በገቢውና በወጪው መካከል ይቀመጣል። መቺው ገቢውን ሲመታ የግፊት ሞገድ በዘንጎቹ ውስጥ ይጓዛል።

1. ገቢውንና ወጪውን ያለ ናሙና አገናኙ። በግንኙነቱ መካከል ብርሃን ማለፍ የለበትም።
2. ዘንጎቹ በእጅ ሲገፉ ሳያንገራግሩ መንሸራተት አለባቸው።
3. በገቢው ዘንግ ጀርባ፣ መቺው በሚያርፍበት ላይ፣ ስስ የመዳብ ክብ በግሪስ ለጥፉ። የሞገዱን አነሣሥ ያለዝባል፣ ንዝረቱንም ይቀንሳል።
4. በየዘንጉ ላይ ያሉት ስትሬን ጌጆች (የዘንጉን ስትሬን የሚለኩት) መመዝገባቸውን አረጋግጡ። ኦስሲሎስኮፑ በሰከንድ ቢያንስ 1 ሚሊዮን ጊዜ ይመዝግብ።
5. ባዶውን ምቱ። ወጪው ዘንግ ላይ የገባውን ያህል ሞገድ ካልወጣ፣ ወይም ጉልህ ተመላሽ ሞገድ ካያችሁ፣ አሰላለፉ ተበላሽቷል። ናሙና እንዳታስገቡ።

ማስጠንቀቂያ፦ በሚመታበት ጊዜ በዘንጎቹ መስመር ላይ ማንም አይቁም። ናሙናው ዙሪያ ግልጽና ወፍራም መከላከያ አድርጉ። መነጽርና የጆሮ መከላከያ የግድ ነው። የተሰበረ ናሙና እንደ ጥይት ይወጣል።

ደረጃ 6፦ ፍጥነቱን ወስኑና በተከታታይ ምቱ

300 ሚሊሜትር የሆነ የስቲል መቺ 120 ማይክሮሰከንድ የሚቆይ ሞገድ ይሰጣል። የርዝመቱ እጥፍ በስቲል ውስጥ ላለው የሞገድ ፍጥነት ሲካፈል ነው፤ ፍጥነቱን 5000 ሜትር በሰከንድ ውሰዱ። መቺው በሰከንድ 15 ሜትር ቢመጣ ገቢው ሞገድ 294 ሜጋፓስካል ገደማ ይሆናል። 20 ሚሊሜትር ዘንግ ላይ፣ ከላይ ባለው ናሙና፣ ይህ በሰከንድ ወደ 2000 የሚጠጋ የስትሬን ፍጥነት ያመጣል። በ120 ማይክሮሰከንድ ውስጥ ስትሬኑ 0.24 ይደርሳል ማለት ነው። ለ3.75 ቀለበት ፍጥነቱን ወደ 17 ከፍ አድርጉት።

ሁልጊዜ ከረጅሙ ቀለበት ጀምሩ። 4.5፣ ከዚያ 4.25፣ ከዚያ 4.0፣ ከዚያ 3.75። በመጨረሻ አንዱን ናሙና ያለ ቀለበት ምቱ፤ ሙሉው ከርቭ (ስትሬሱ ከስትሬኑ ጋር እንዴት እንደሚለወጥ የሚያሳየው መስመር) ከሱ ይገኛል። ቲ-6-4 በዚህ ፍጥነት አብዛኛውን ጊዜ በ0.2 እና በ0.3 መካከል እጅ ይሰጣል፤ የናንተ ግን እንደ ሙቀት አያያዙ ሊለይ ይችላል። ሙሉው ከርቭ በ0.22 ከወደቀ የምትፈልጉት ናሙና በ0.20 የቆመው ነው። አስፈላጊ ከሆነ በመካከል ያለ ቀለበት ጨምራችሁ አስወጡ።

ከምቱ በኋላ የናሙናውን ቁመት በማይክሮሜትር ለኩና ከሞገዱ ካሰላችሁት ስትሬን ጋር አወዳድሩ። የተለካው ከተሰላው ከበለጠ ናሙናው ሁለት ጊዜ ተመትቷል። ተመላሹ ሞገድ ወደ ኋላ ሄዶ ተመልሶ መጥቷል ማለት ነው። ቀለበቱ ከልክ በላይ እንዳይጨመቅ ይጠብቀዋል፤ ነገር ግን ሰንበሩ በየትኛው ምት እንደወጣ አታውቁም። እንዲህ ያለውን ናሙና ለፎቶ ተጠቀሙበት፣ ለቁጥር ግን አትጠቀሙበት።

ደረጃ 7፦ ከርቩን አንብቡ

ስትሬሱ ይወጣል፣ ጫፍ ይደርሳል፣ በዝግታ መውረድ ይጀምራል፣ ከዚያ ድንገት ይናዳል። ጫፉ መረጋጋቱ ያበቃበት ነው። ሰንበሩ ጉልህ የሚሆነው ግን ከርቩ ሲናድ ነው። ሁለቱን አንድ አታድርጉ፤ በመካከላቸው ሰፊ ርቀት ሊኖር ይችላል።

ሦስት ወጥመድ አለ። በቀለበት ከቆመ ናሙና የተገኘ ከርቭ መጨረሻው ላይ ሽቅብ ይተኮሳል። ብረቱ ጠንክሮ አይደለም፤ ቀለበቱ ጭነት መቀበል ጀምሮ ነው። ከዚያ ነጥብ በኋላ ያለውን ቁረጡት። ሁለተኛ፣ ከርቩ ከተናደ በኋላ የሚነበበው ስትሬን የመላ ናሙናው አማካይ ነው፤ ሰንበሩ ውስጥ ያለው ከዚያ ብዙ እጥፍ ይበልጣል። ሦስተኛ፣ የመጀመሪያዎቹን ጥቂት ማይክሮሰከንዶች አትመኑ። ሞገዱ ናሙናው ውስጥ ሦስት አራት ጊዜ ተመላልሶ ሁለቱ ጫፎች እስኪመጣጠኑ ድረስ ስትሬሱ ትርጉም የለውም።

ደረጃ 8፦ ቁረጡና አለስልሱ

ናሙናውን በቁመቱ፣ መሐል ለመሐል ቁረጡት። በቀስታ የሚዞር የአልማዝ መጋዝ ከብዙ ማቀዝቀዣ ጋር፣ ወይም ዋየር ኢዲኤም (በኤሌክትሪክ ብልጭታ የሚቆርጥ ሽቦ) ይሁን። በግራይንደር ዲስክ የቆረጠ ሰው በራሱ ሙቀትና ፍትጊያ ሌላ ታሪክ ይጽፍበታል።

በቀዝቃዛ በሚደርቅ ሬዚን ውስጥ አስቀምጡት። ከ320 ቁጥር ብርጭቆ ወረቀት ጀምራችሁ እስከ 1200 ውረዱ። በየቁጥሩ ናሙናውን 90 ዲግሪ አዙሩ፤ ያለፈው ጭረት ሙሉ በሙሉ ሳይጠፋ ወደሚቀጥለው አትለፉ። መጨረሻውን በኮሎይዳል ሲሊካ (እጅግ ደቃቅ ሲሊካ ባለበት ፈሳሽ) አወልውሉ። ቲታኒየም ላይ ይህ ረጅም ሰዓት ይወስዳል። ታገሡ።

የቲታኒየም ብናኝ እሳት ይይዛል። በደረቁ አትፈጩ።

ደረጃ 9፦ አሲዱን በጥንቃቄ

ለስቲል፦ ናይታል የሚባለው ድብልቅ። 2 በመቶ ናይትሪክ አሲድ በኤታኖል ውስጥ። ጥቂት ሰከንድ ነክራችሁ አውጡ፣ በኤታኖል እጠቡ፣ አድርቁ። ድብልቁን ክዳኑ ጥብቅ በሆነ ጠርሙስ አታስቀምጡ፤ ናይትሪኩንም ከ5 በመቶ አታሳልፉ።

ለቲታኒየም፦ ክሮል የሚባለው ድብልቅ። 100 ሚሊ ሊትር ውኃ፣ ከ4 እስከ 6 ሚሊ ሊትር ናይትሪክ አሲድ፣ 2 ሚሊ ሊትር ሃይድሮፍሎሪክ አሲድ። ሁልጊዜ አሲዱ ወደ ውኃው ይጨመራል እንጂ ውኃው ወደ አሲዱ አይጨመርም።

ሃይድሮፍሎሪክ አሲድ ቀልድ አያውቅም። ቆዳን ሲነካ ወዲያው ላያምም ይችላል፤ ወደ ውስጥ ግን ዘልቆ አጥንትና ልብን ይጎዳል። መስታወት ስለሚበላ የፕላስቲክ ዕቃ ተጠቀሙ። ጭስ መምጠጫ ውስጥ ሥሩ። ሥራውን ከመጀመራችሁ በፊት የካልሲየም ግሉኮኔት ጄል አጠገባችሁ መኖሩን በዓይናችሁ እዩ። ከነካችሁ በብዙ ውኃ እጠቡ፣ ጄሉን ቀቡ፣ ባያምም ወዲያው ሐኪም ጋ ሂዱ። ብቻችሁን ሆናችሁ ይህን አሲድ አትክፈቱ። ጄሉ ከሌለ ስቲሉን ሥሩ፣ ቲታኒየሙ ይቆይ።

ደረጃ 10፦ ሰንበሩን ፈልጉ

ከዝቅተኛ ማጉላት ጀምሩ። ሲሊንደር ውስጥ ሰንበሩ ከጭመቃው መስመር 45 ዲግሪ በሚጠጋ ማዕዘን ይሄዳል፤ ከጥግ ወደ ጥግ፣ አንዳንዴም እንደ መስቀል ተላልፎ። ስፋቱ ብዙ ጊዜ ከ5 እስከ 50 ማይክሮን ነው። ስቲል ላይ በናይታል ነጭ ሆኖ ይታያል። ነጭ መሆኑ ብቻውን ብረቱ ወደ ሌላ ፌዝ (ወደ ሌላ የአቶሞች አደራደር) ተለውጧል ማለት አይደለም፤ ቅንጣቶቹ እጅግ ስለደቀቁም እንዲያ ሊመስል ይችላል።

እውነተኛ ሰንበር መሆኑን በዚህ ለዩ። በግራና በቀኙ ያሉት ቅንጣቶች ወደ እሱ ሲጠጉ ተጎትተው ይታጠፋሉ። ስፋቱ አይዋዥቅም። እንደገና አወልውላችሁ እንደገና አሲድ ብታስነኩት እዚያው ይገኛል። ጭረት ከሆነ ይጠፋል። ሰፊና የደበዘዘ የተጣመመ ቀጠና ከሆነ ደግሞ በጫፎቹ ፍትጊያ የመጣ ነው፤ ወደ ደረጃ 3 ተመለሱ፣ ግሪሱን አስቡት።

ጥንካሬውን በማይክሮ ቪከርስ (የአልማዝ ሹል ተጭኖ የሚተወውን አሻራ በመለካት) ማወቅ ከፈለጋችሁ የአሻራውን መጠን አትርሱ። 375 ጥንካሬ ያለው ብረት ላይ 25 ግራም የሚተወው አሻራ ሰያፉ 11 ማይክሮን ገደማ ነው። ሰንበራችሁ 10 ማይክሮን ከሆነ የለካችሁት ሰንበሩን ብቻ ሳይሆን ጎረቤቱንም ነው። 10 ግራም ወደ 7 ማይክሮን ያወርደዋል፤ ያም ጠባብ ነው። ከዚያ በታች ናኖ ኢንደንቴሽን (እጅግ ያነሰ አሻራ የሚተው መለኪያ) ነው የሚያዋጣው።

አልሆነም? እንዲህ አድርጉ

ከርቩ ተንዷል፣ ሰንበር ግን አይታይም፦ ሰንበሩ ገና ጀማሪ ከሆነ ናሙናውን ሁሉ አያቋርጥም። ከተወለወለው ገጽ 0.2 ሚሊሜትር ፍጩና እንደገና እዩ። እስከ ሦስት ጊዜ ደጋግሙ። እኔ የመጀመሪያዬን ያገኘሁት በሁለተኛው ፍጨት ነው፤ ናሙናውን ልጥለው ደርሼ ነበር።

ከርቩም አልተናደም፣ ሰንበርም የለም፦ ስትሬኑ አልበቃም። ፍጥነቱን ከመጨመራችሁ በፊት ቀለበቱን አሳጥሩ። ሁለቱን አንድ ላይ ከቀየራችሁ የትኛው እንደሠራ አታውቁም።

በሰንበሩ ውስጥ ስንጥቅ አለ፦ ዘግይታችኋል። በ0.02 ስትሬን ቀድሞ የሚያቆም ቀለበት አስወጡ፤ ለ5 ሚሊሜትር ናሙና 0.1 ሚሊሜትር የረዘመ ማለት ነው። ስንጥቁ ጫፍ ላይ ግን ገና ያልተሰነጠቀ ሰንበር ይኖራልና ናሙናውን አትጣሉት።

ሰንበሩ ሁልጊዜ ከአንድ ጥግ ይነሣል፦ ጫፎቹ ትይዩ አይደሉም፣ ወይም ዘንጎቹ ተጣምመዋል። ናሙናውን ገልብጣችሁ ሞክሩ። ጥግዋ ከናሙናው ጋር ከዞረች ጥፋቱ የናሙናው ነው፤ ካልዞረች የዘንጎቹ ነው።

መሣሪያው ከሌላችሁ

ቲ-6-4 ከሚቆርጥ ቶርኖ ሥር ቺፕ (ሲቆረጥ የሚወድቀውን የብረት ልጣጭ) ሰብስቡ። የቲታኒየም ቺፕ በተለመደ የቁርጠት ፍጥነት እንኳ እንደ መጋዝ ጥርስ ሆኖ ይወጣል። ጥርሶቹን እርስ በርስ የሚለያዩት መስመሮች እነዚሁ ሰንበሮች ናቸው። ቺፑን በጎኑ አቁማችሁ ሬዚን ውስጥ አስቀምጡ፣ ከዚያ ደረጃ 8ን ከብርጭቆ ወረቀቱ ጀምሩ፣ 9ንና 10ንም አስከትሉ። ስትሬኑንና ፍጥነቱን በትክክል መቆጣጠር አትችሉም፤ ዓይናችሁ ግን ሰንበር ምን እንደሚመስል ይለምዳል። ባር ያላቸውም ቢሆኑ የመጀመሪያውን ናሙና ከመምታታቸው በፊት አንድ ቺፕ ቢያዩ እመርጣለሁ።